ኦፕሬተሩ እያየኝ ነው? የግንባታ ማሽኖች በሌሊትና በጉም ሲሠሩ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና ከዚያ ወዲህ ወደ በርካታ የክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት የሌሊት ግንባታን ለከተማ ነዋሪ የዕለት ተዕለት ነገር አድርጎታል። ቀደም ሲል ሌት ተቀን መሥራት የሚታወቀው እንደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ባሉ፣ ከከተማ በራቁ ፕሮጀክቶች ነበር። አሁን ግን ኤክስካቫተር የሚቆፍረው፣ ገልባጭ መኪና የሚያራግፈውና ሮለር የሚጠቀጥቀው ሰው አምሽቶ ወደ ቤቱ በሚገባበት፣ ሱቅ በሚዘጋበትና ታክሲ በሚጠበቅበት መንገድ ዳር ነው። በሌሊት መሥራት የራሱ ምክንያት አለው፤ ትራፊኩ ይቀላል፣ አፈርና አስፋልት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ተገትሮ አያመሽም፣ ሥራውም በፈረቃ ስለሚሄድ ፈጥኖ ያልቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕይታ ሲቀንስ ማሽኑ ለምን አደገኛ እንደሚሆንና አደጋው እንዴት እንደሚቀነስ ማስረዳት ነው።

ብዙ ሰው ችግሩ የመብራት እጥረት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። በሌሊት ሳይት ላይ የቆመ ሰው ማሽኑ ከነመብራቱ ቁልጭ ብሎ ስለሚታየው ኦፕሬተሩም እሱን የሚያየው ይመስለዋል፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ ከፊቱ ያለው መሬት በብርሃን ስለተሞላ ማየት ያለበትን ሁሉ ያየ ይመስለዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሱት ጥንቃቄዎች በሙሉ የሚመነጩትም ከዚህ ስሕተት ነው።

ዕይታ ቀነሰ የሚባለው መቼ ነው?

ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ የሌሊቷ ርዝመት በክረምትና በበጋ እምብዛም አይለዋወጥም፤ በአዲስ አበባ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ለኦፕሬተር ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጨለማው የሚመጣበትን ፍጥነት ማወቅ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለ ተጨማሪ መብራት ጉድጓዱን ከሜዳው ለይቶ ማየት የሚቻለው ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። «ገና ብርሃን አለ፣ ይህችን አንድ ቢያጆ እንጨርስ» ተብሎ በተጀመረ ምልልስ መካከል ይጨልማል። ስለዚህ የሳይቱ መብራት መከፈት ያለበት ከመሸ በኋላ ሳይሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ጉም በሚቲዎሮሎጂ ቋንቋ ከ1,000 ሜትር በታች ብቻ የሚያሳይ አየር ነው። ይህ ትርጓሜ ለአውሮፕላንና ለአገር አቋራጭ መንገድ ይጠቅም እንጂ ለግንባታ ሳይት ብዙም አይረዳም፤ ማሽንና ሰው እዚያ የሚገናኙት በአሥርና በሃያ ሜትር ርቀት ነውና። ለሳይት የሚሆነው ትርጓሜ ቀላል ነው፦ ኦፕሬተሩ አጥርቶ የሚያየው ርቀት ማሽኑን ለማቆም ከሚፈጅበት ርቀት ካነሰ፣ ምክንያቱ ጨለማም ይሁን ጉም፣ ዝናብም ይሁን አቧራ፣ ዕይታው ለያዘው ፍጥነት በቂ አይደለም።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ገልባጭ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በየሰከንዱ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ድንገተኛ ነገር አይቶ፣ ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ፍሬን እስኪረግጥ 2.5 ሰከንድ ቢወስድበት መኪናው ፍሬን ሳይነካው 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በደረቅና በተስተካከለ መንገድ ላይ በመጠኑ ፍሬን ይዞ ለመቆም ደግሞ ሌላ 18 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ 46 ሜትር ነው። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲወርድ ድምሩ ወደ 18 ሜትር ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የመቆሚያው ርቀት ከግማሽ በታች ይሆናል ማለት ነው። ጭቃ፣ ቁልቁለትና ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲጨመሩበት ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። በሌላ በኩል በአጭር መብራት ፊት ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለየው 30 ሜትር ከማይሞላ ርቀት ነው። እንግዲህ በ40 የሚመጣው ሾፌር ሰውየውን አይቶትም ማቆም አይችልም። በሳይት ውስጥ የሌሊት የፍጥነት ወሰን ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ዓይናችን በጨለማ ምን ይሆናል?

በዓይን ውስጥ ሬቲና በሚባለው ሽፋን ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ በቂ ብርሃን ሲኖር ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን ይለያሉ፤ ሁለተኞቹ በጣም አነስተኛ ብርሃን ይበቃቸዋል፣ ነገር ግን ቀለም አይለዩም፣ የሚሰጡትም ምስል ደብዛዛ ነው። ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባ ሥራው ከአንደኞቹ ወደ ሁለተኞቹ የሚተላለፈው ቀስ በቀስ ነው፤ ዓይን ጨለማውን ሙሉ ለሙሉ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። ያን ልምድ ለማጥፋት ግን ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ኦፕሬተሩ ገልባጩ እስኪመጣ ድረስ ስልኩን ከፍቶ መልእክት ቢያነብ፣ ወይም ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ቢያበራበት፣ ቀና ሲል የሚያየው ጨለማ ከቀድሞው የበለጠ ነው። በሌሊት ፈረቃ ስልክ በጋቢና ውስጥ እንዳይከፈት የሚከለከለው ሐሳብ እንዳይከፋፈል ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው።

በጨለማ የሚሠሩት ሕዋሳት ቀይ ብርሃን አይሰማቸውም ማለት ይቻላል። በዚህ የተነሳ በቀን ጎልቶ የሚታየው ቀይና ነጭ ጥብጣብ መብራት በማይደርስበት ቦታ ቀዩ ወደ ጥቁርነት ይለወጣል፤ ነጩም ቢሆን ከአቧራው ጋር ይመሳሰላል። ጉድጓድን በጥብጣብ ብቻ ከልሎ መሄድ ለቀን እንጂ ለሌሊት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ነው፤ በመብራት ከተመታ በኋላም ዓይኑ እስኪመለስ ይዘገያል። የካበተ ልምድ ያላቸው ኦፕሬተሮች ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ይህ ጉዳይ በሌሊት ፈረቃ ምደባ ላይ በቅንነት መነሳት አለበት። ዳፍንት ደግሞ አለ። ዳፍንት ያለበት ሰው በቀን ደህና ያያል፤ ሲመሽ ግን ይደናበራል። ከታወቁት ምክንያቶቹ አንዱ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ የዓይን ሞራም በሌሊት ያለውን ዕይታ ያበላሻል። ዓይን የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን እስከ ታች አንብቦ ያለፈ ሰው ማታ ላይ ችግር ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ስሜቱን ተናግሮ ወደ ቀን ፈረቃ መዛወር መቻል አለበት፤ ከተናገረ ሥራውን የሚያጣ ከሆነ አይናገርም።

ማሽኑ መብራት አለው፤ ታዲያ ምን ጎደለ?

ኩራዝ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደጅ ያለውን አያይም፤ ደጅ የቆመው ግን ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያል። በሌሊት ሳይት ላይ ኦፕሬተሩ ኩራዙ አጠገብ እንደተቀመጠው ነው። ሎደሩ ወይም ኤክስካቫተሩ የሚያበራው ወደ ሥራው አቅጣጫ ነው፤ ዓይኑም ለዚያ ደማቅ ክበብ ይስማማል፣ ከክበቡ ውጭ ያለው ሁሉ ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቁርበታል። በዚያ ጥቁር ክፍል ውስጥ የቆመው የጉልበት ሠራተኛ ግን ማሽኑን፣ ጋቢናውን፣ አንዳንዴም የኦፕሬተሩን ፊት ሳይቀር ያያል። በመንገድ ደኅንነት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ እግረኞች በሌሊት ለሾፌር የሚታዩበትን ርቀት ከእውነተኛው እጅግ አስበልጠው ይገምታሉ። ሰው «ማሽኑን አይቼዋለሁ» ማለትን «አይቶኛል» ከማለት ጋር ያምታታል።

በዚህ ላይ በቀንም ቢሆን ከጋቢና የማይታይ ቦታ አለ። በኤክስካቫተር ላይ ኦፕሬተሩ የሚቀመጠው በግራ በኩል ስለሆነ ቀኝ ጎኑ በቡሙ (ባኬቱን በሚሸከመው ረጅም ክንድ) እና በሞተሩ አካል ይሸፈናል፤ ጀርባው ደግሞ ማሽኑ ሲዞር ሰውን ከግድግዳ ጋር ሊያጣብቅ የሚችለው ከባዱ ክፍል ነው። ትልቅ ገልባጭ ከፊት ለፊቱ፣ ከአፍንጫው ሥር፣ ጎንበስ ያለ ሰውን ሊሰውር ይችላል። ሎደር ባኬቱን ከፍ አድርጎ ሲሄድ ፊቱን ራሱ ይጋርዳል። ቀን ላይ ይህን ጉድለት የሚሞላው በዳር በኩል የሚታየው እንቅስቃሴ ነው፤ የሰው ጥላ፣ የሚወዛወዝ እጅ፣ የሚያልፍ ቀለም። ሌሊት እነዚህ ጥቃቅን ምልክቶች ይጠፋሉ።

ስለዚህ ወደ ማሽን መጠጋት የሚፈልግ ሠራተኛ የሚከተለው ሥርዓት አለ። ከማሽኑ መዞሪያ ክልል ውጭ፣ መብራት ባለበት በኩል ይቆማል፤ በእጅ ባትሪው ምልክት ይሰጣል፤ ባትሪውን ግን የኦፕሬተሩ ዓይን ላይ አያነጣጥርም። ኦፕሬተሩ ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፎ፣ እጁን ከመቆጣጠሪያው አንሥቶ፣ «ና» እስኪለው ድረስ አንድ እርምጃ አይጨምርም። ጊዜ የሚወስድ ይመስላል እንጂ የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ፓውዛ ቢጨመርስ?

ይረዳል፤ የሚረዳው ግን በትክክል ሲተከል ነው። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው፤ ሉክስ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መጠን ያሳያል። ሙሉ ጨረቃ አንድ ሉክስ እንኳ አትሞላም። በአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ ያሳተመው የሌሊት መንገድ ሥራ መመሪያ ሰው ለሚተላለፍበት አጠቃላይ የሥራ ቦታ 54 ሉክስ፣ ለማሽኖች ዙሪያ 108 ሉክስ፣ እንደ ስንጥቅ መሙላት ላለ ዓይን ለሚፈልግ ሥራ 216 ሉክስ ይመክራል። በስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ትክክለኛ ባይሆንም የት ቦታ ላይ ጨለማ እንዳለ በግምት ያሳያል።

ከመጠኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አቅጣጫው ነው። ፓውዛውን ዝቅ ባለ ምሰሶ ላይ አስሮ አግድም ማነጣጠር ቀላል ነው፤ ብርሃኑም ሩቅ የደረሰ ይመስላል። ነገር ግን አግድም የሚሄድ ብርሃን መሬት ላይ ሳይሆን ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ገልባጭ ሾፌርን ለጥቂት ሰከንድ ያሳውረዋል፣ በአጠገብ የሚያልፈውን የታክሲ ሾፌርም እንዲሁ። መመሪያው የብርሃኑ ማዕከል ወደ ታች ቀጥ ብሎ ከሚወርደው መስመር ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳያዘነብል የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፎርማኑ በመኪና ተቀምጦ መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ጊዜ ያልፋል፣ ዓይኑን የወጋው መብራት ካለ ያስተካክላል።

ሌላው ጥላ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የሚበራ ኃይለኛ መብራት ከአፈር ክምር ጀርባ ያለውን ቦዩን ድቅድቅ ያደርገዋል፤ ያ ቦይ መብራቱ ባይኖር ኖሮ ዓይን ተላምዶት ይታይ ይሆናል። አንድ ትልቅ ፓውዛ ከመትከል ሁለት መካከለኛ ፓውዛ ከሁለት ወገን ማብራት የተሻለ ውጤት ያመጣል። የመብራት ምሰሶው ራሱ የሚቆመው ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከቁፋሮው ጫፍ ርቆ ሲሆን፣ ከጀነሬተሩ የሚመጣው ገመድ በሰንሰለትና በጎማ መተላለፊያ ላይ መጋደም የለበትም።

አንጸባራቂ ሰደርያ ከለበስኩ አይበቃም?

ሰደርያው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ ብዙ ሰው አያስተውልም። ደማቁ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ የሚያበራው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ባለው የማይታይ ጨረር ስለሆነ ለቀን የተሠራ ነው፤ ሌሊት ከተራ ጨርቅ ብዙም አይለይም። ለሌሊት የተሠራው ብርማው ጥብጣብ ነው። በላዩ ያሉት ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች የመጣባቸውን ብርሃን ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሱታል፤ መብራቱ ከማሽኑ ሲመጣ ወደ ኦፕሬተሩ ይመለሳል። ንጹሕ ጥብጣብ የለበሰ ሰው በመኪና መብራት ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። ከዚህ ግን ሁለት ነገር ይከተላል። መብራት የማያበራበት አቅጣጫ ላይ ያለ ሰው ጥብጣቡ አይጠቅመውም፤ ከማሽን ጀርባ ያለ ሠራተኛ የኋላ መብራት ከሌለ ሰደርያ ለበሰም አልለበሰም ያው ነው። ጭቃ፣ ሲሚንቶና ቅባት የያዘ ጥብጣብም ብርሃን አይመልስም።

በአዲስ አበባ ሌሊት በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ይበርዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን በየሳይቱ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ሠራተኛው ሰደርያውን እንደለበሰ ከላይ ጥቁር ጃኬት ይደርባል፣ ጥበቃው ጋቢውን ይከናነባል፣ አካፋ ይዞ ጎንበስ ያለው ደግሞ በደረቱ ላይ ያለው ጥብጣብ ወደ መሬት ዞሮ ከጀርባው የሚታየው የጃኬቱ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ሰደርያ ተሰጥቷል ተብሎ በመዝገብ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ሰውየው ግን አይታይም። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ሰደርያው ከጃኬቱ በላይ እንዲለበስ ሰፊ ሆኖ መገዛት አለበት፣ ክንድና እግር ላይም ጥብጣብ ያለው ልብስ ቢመረጥ ይሻላል። የሚንቀሳቀስ ክንድና እግር ላይ ያለ ጥብጣብ የሚታየው ነገር በርሜል ሳይሆን ሰው መሆኑን ለኦፕሬተሩ ይነግረዋል።

ወደኋላ ሲመለስ የሚጠብቀው ማነው?

ገልባጭ ሲያራግፍ ወይም ሎደር ሥር ሲገባ ወደኋላ መሄዱ ግድ ነው። በእኛ አገር ይህን የሚመራው ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው፤ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ና! ና! ና!» ይልና ሲደርስ «በቃ!» ይላል። በቀን፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ይህ ይሠራል። በሌሊት ሳይት ላይ ግን ጀነሬተርና ሮለር እየጮኹ ነው፤ ድምፁ አይሰማም፣ ረዳቱም ለስፖኪዮ እንዲታይ ብሎ ወደ መኪናው ጀርባ ይጠጋል። ሾፌሩ የመጨረሻውን «በቃ» ካልሰማ መጀመሪያ የሚመታው ረዳቱ ራሱ ነው።

ስለዚህ የሌሊት ምልክት በድምፅ ሳይሆን በብርሃን መሆን አለበት። መሪው፣ ማለትም ምልክት የሚሰጠው ሰው፣ ከመኪናው ጀርባ ቀጥታ ሳይሆን በሾፌሩ በኩል ሰያፍ ቆሞ፣ መብራት ያለው ዱላ ወይም የእጅ ባትሪ ይዞ፣ አስቀድሞ በተስማሙበት ምልክት ይመራል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ሾፌሩ መሪውን ከስፖኪዮ ላይ ካጣው ያቆማል። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን ያቆማል። ያን ጊዜ መሪው ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ወደኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም የሚገባውን ክብር ማግኘት አለበት። በአሜሪካ ሕግ የኋላ ዕይታው የተጋረደ የግንባታ ተሽከርካሪ ከአካባቢው ጫጫታ በላይ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ከሌለው ወይም ጠቋሚ ሰው ካልቆመለት ወደኋላ መሄድ አይችልም። በሰፈር ውስጥ «እንቅልፍ ነሣን» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ማስጠንቀቂያውን መንቀል ያጋጥማል፤ ይህ አደገኛ ነው። «ጢጥ ጢጥ» ከሚለው ይልቅ «ሽሽ ሽሽ» የሚል ሰፊ ድምፅ ያለው ዓይነት አለ፤ ድምፁ ሩቅ አይሄድም፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣም ለጆሮ ቶሎ ይለያል። ለነዋሪውም ለሠራተኛውም የሚሻለው እሱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወደኋላ መሄድን ራሱን መቀነስ ነው፤ ቦታ ካለ ገልባጮቹ በአንድ በር ገብተው ዞረው በሌላ በር እንዲወጡ መንገዱ ይቀየሳል።

ጉም፣ ዝናብና አቧራ ከጨለማ በምን ይለያሉ?

በጨለማ ብርሃን ስንጨምር እናያለን፤ በጉም ግን ብርሃን ስንጨምር ዕይታው ሊብስ ይችላል። ጉም በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጥቃቅን ውሃ ነው፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ትበትነዋለች፣ ከፊሉም ወደ ሾፌሩ ተመልሶ ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ያቆማል። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይህን ያውቃል፤ ረጅም መብራት ያበራ መኪና የሚያየው የራሱን ብርሃን ነው። ስለዚህ በጉም ውስጥ አጭር መብራት ይበራል፤ የጉም መብራት ካለም ዝቅ ብሎ የተገጠመው ከጉሙ ሥር መሬቱን ስለሚያሳይ ይጠቅማል። ረጅም ምሰሶ ላይ ያለ ፓውዛም በወፍራም ጉም ውስጥ ሳይቱን በሙሉ ወደ ነጭ ደመና ሊለውጠው ስለሚችል፣ የተወሰኑትን ማጥፋት የተሻለ የሚያሳይበት ጊዜ አለ።

አቧራ በበጋ የጉምን ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚያስነሣው ማሽኑ ራሱ መሆኑ ነው። ተከታትለው የሚሄዱ ገልባጮች የኋለኛው የፊተኛውን አቧራ ይበላል፤ በአቧራው ውስጥ የቆመ መኪና ካለ የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው። በቦቴ ውሃ ማርከፍከፍና በመኪኖች መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ መንገዱ ያንሸራትታል። ዝናብ በበኩሉ የጋቢናውን መስታወት ይመታል፤ በውስጥ በኩል ከትንፋሽ የሚመጣው ጤዛም ይጨመራል። የተጫረ፣ ጭቃ የተቀባ፣ በዘይታማ ጨርቅ የተወለወለ መስታወት በቀን ችግሩ አይታወቅም፤ ሌሊት መብራት ሲያርፍበት ግን ይንቦገቦግና ሁሉን ይሸፍናል። መስታወት፣ ስፖኪዮና መብራት በፈረቃ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን በመካከልም በንጹሕ ውሃና ጨርቅ መጽዳት አለባቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ ርካሹና እጅግ የሚረሳው ሥራ ይህ ነው።

ጫፉና ሽቦው

ሁለት ነገሮች በሌሊት ፈጽሞ ይሰወራሉ፤ የመሬት ጫፍና ከላይ ያለ ሽቦ። አፈር የሚደፋበት ገደል ጫፍ ላይ ክትር (የአፈር ጉብታ) ይሠራል፤ በአሜሪካ የማዕድን ደኅንነት ደንብ ቁመቱ በቦታው ከሚንቀሳቀሰው ትልቁ መኪና የጎማ መካከል ማነስ የለበትም። ክትሩ ሾፌሩ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ ያደርጋል እንጂ ተደግፎ እንዲቆምበት አልተሠራም። በክትሩ ላይ አንጸባራቂ ያለው ችካል ከተተከለ በመብራት ይታያል።

ሽቦ ደግሞ ከጀርባው ጥቁር ሰማይ ስላለ ከፓውዛው በላይ ጨርሶ አይታይም። በከተማችን በየመንገዱ ዳር የሚያልፈው መካከለኛ መስመር 15 ሺህ ቮልት ይሸከማል። የኤክስካቫተር ቡም ወይም የተነሣ የገልባጭ ሳጥን እስከ 50 ሺህ ቮልት ከሚሸከም መስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ እንዳለበት ዓለም አቀፍ ልምዱ ያስቀምጣል። ሥራው በመስመር አጠገብ ከሆነ የመስመሩን ቦታ በቀን አይቶ መሬት ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ማሽኑ ሽቦ ከነካ ኦፕሬተሩ ከጋቢናው አይወርድም፤ ሌላ ሰውም አይጠጋውም፤ ኃይሉ እስኪቋረጥ ድረስ ይጠብቃል። እሳት ተነሥቶ መውጣት ግድ ከሆነበት ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዘላል፣ ከዚያም እግሮቹን ሳያነሣ እያንፏቀቀ ይርቃል።

እንቅልፍስ?

ዓይን ክፍት ሆኖ አእምሮ ሲተኛ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከንቱ ነው። የሰውነታችን የውስጥ ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ጊዜ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳል፤ ቀን በቂ የተኛ ሰው እንኳ ያን ሰዓት ምላሹ ይዘገያል። ጥናቶች እንዳሳዩት 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለው ሰው ያህል ይዘገያል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ የግል ጉዳዩን ሲያከናውን ውሎ የሌሊት ፈረቃ የገባ ሾፌር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደርሷል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ነው። ይህ ክፍያ ሠራተኛውን ይማርካል፤ ሁለት ፈረቃ አገናኝቶ መሥራትን የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ራሱ ሠራተኛው ነውና ፎርማኑ ሊከለክለው ይገባል። አዋጁ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት በእነዚሁ የሌሊት ሰዓታት እንዳይሠራም ይከለክላል፤ ረዳቶች ብዙ ጊዜ በዕድሜ ለጋ ስለሆኑ ይህ አንቀጽ ለገልባጭ ባለቤቶች በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ጫት ሌሊቱን ያስነቃል የሚለው በከፊል እውነት ነው፤ ያነቃቃል፣ ድካሙን ግን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል። ኃይሉ ሲያልቅ የተሸፈነው ድካም በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ በነጋታውም የቀን እንቅልፍ ይነሣል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል። ቡና ይረዳል፣ ሥራውን እስኪጀምር ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በእረፍት ሰዓት 20 ደቂቃ መተኛት ከሁለቱም ይሻላል፤ ከተነሡ በኋላ ግን ጭንቅላት እስኪጠራ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠበቅ ወደ ማሽን አይወጣም።

በመንገዱ ለሚያልፈው ሰውስ?

በአገራችን የተበላሸ መኪና ሲኖር ከኋላው ድንጋይ መደርደርና ቅርንጫፍ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ቀን ላይ መልእክቱ ይገባል። ሌሊት ግን ቅጠሉ አይታይም፣ ድንጋዩ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው፤ ማሽኑ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ መንገድ ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። ለግንባታ ቦታ የሚያስፈልገው አንጸባራቂ ኮን፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና ጠንካራ መከለያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም ቁፋሮው ጋ ሳይሆን መኪና ለማቆም በሚበቃ ርቀት ቀድሞ መጀመር አለበት። ሥራ አልቆ የቆመ ሮለር ወይም ዶዘር በመንገድ ዳር ያለ መብራት መቆየት የለበትም፤ ቀለሙ ቢጫ መሆኑ በጨለማ አይረዳም። ለእግረኛ ደግሞ ቦዩን የሚሻገርበት ድልድይ መብራት ያስፈልገዋል፤ እሱ የያዘው የስልክ መብራት አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሥራው መቆም ያለበት መቼ ነው?

መልሱ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮንክሪት የጫነ ሚክሰር ቆሞ እየጠበቀ ይህ ጥያቄ አዲስ ሆኖ ከተነሣ መልሱ ሁልጊዜ «እንቀጥል» ይሆናል። ኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠውን መሪ ካላየ፣ የመቆሚያ ርቀቱን ያህል ማየት ካልቻለ፣ ከሳይት መብራቶቹ አንዱ ጠፍቶ የሥራው ቦታ ከጨለመ፣ ወይም የጋቢናው መስታወት መጽዳት ካቃተው ማሽኑ ይቆማል። የማቆም ሥልጣኑ የፎርማኑ ብቻ ሳይሆን የኦፕሬተሩም መሆን አለበት፤ ያቆመ ኦፕሬተርም ደመወዙ አይነካም።

ማቆምም ሥርዓት አለው። ማሽኑ ከመተላለፊያው ወጥቶ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ባኬቱ መሬት ላይ ያርፋል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ማሽኑ ባለ ጎማ ከሆነ ታኮ ይደረግለታል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ይበራል። ኦፕሬተሩ ሲወርድ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ፣ ሁልጊዜ በሦስት ነጥብ፣ ማለትም በሁለት እጅና በአንድ እግር ወይም በሁለት እግርና በአንድ እጅ ተይዞ ይወርዳል፤ በጤዛ የረጠበ መርገጫ ያንሸራትታል።

ጉሙ ሲነሣ ወይም መብራቱ ሲመለስ ሥራው ወዲያው አይቀጥልም። ማሽን በቆመበት ሰዓት ሰው ይጠጋዋል፤ ሞተሩ ገና ሙቀት ስላለው፣ ከንፋስም ስለሚያስጠልል ጥበቃው ወይም ጎዳና የሚያድር ልጅ ከሥሩ ሊተኛ ይችላል። ኦፕሬተሩ ባትሪ ይዞ ማሽኑን ይዞራል፣ ጎንበስ ብሎ ከሰንሰለቱና ከጎማው ሥር ያያል፣ ከዚያ ወደ ጋቢናው ወጥቶ ሞተሩን ያስነሣል። በብዙ የማዕድን ሥራ ቦታዎች ሞተር ከመነሣቱ በፊት አንድ፣ ወደፊት ከመሄድ በፊት ሁለት፣ ወደኋላ ከመሄድ በፊት ሦስት ጊዜ ክላክስ ይደረግና ማሽኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጥቂት ሰከንድ ይጠበቃል፤ ያቺ ጥቂት ሰከንድ በማሽኑ ዙሪያ ያለ ሰው ሰምቶ፣ ገብቶትና ተነሥቶ ለመራቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ናት።